የጰራቅሊጦስ እሑድ

«ኧረ ያንን ራዲዮ ዝጉልኝ!» አለች ብርቄ ከጓዳ ብቅ ብላ። «እህቴን ከቀበርን ገና ሁለተኛ ቀናችን ነው። ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ጠጅ ቤት?»

በእድሩ ድንኳን ጥግ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ደንግጠው ራዲዮኗን ካፖርታቸው ሥር ሸጎጧት። አይፈረድባቸውም። ሐምሌ ፲፱፻፷፮ ነበር፤ ወልቂጤ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ዛሬስ ማን ታሰረ?» የሚባባልበት ክረምት። ከድንኳኑ በላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከሥሩ ሹክሹክታው። ለቀስተኛው ከንፍሮው እየዘገነ «ነፍስ ይማር» ይልና ተመልሶ እዚያው ወሬው ውስጥ ይገባል።

ያረጋል ከምሰሶው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጧል። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ከመንዝ መጥቶ ወልቂጤ ከከተመ አሥራ አራት ዓመቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የዚህ ወሬ ፊታውራሪ እሱ ነበር። አሁን ግን ጆሮው ውስጥ የምትመላለሰው ሚስቱ መንበረ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ያለችው ቃል ብቻ ናት። «ፍልሰታ ቅርብ ናት፤ አይደል?»

መንበረ የቸሃ ጉራጌ ልጅ ነበረች። ሲያገባት የሰማንያውን ውል የጻፈው ራሱ ያረጋል ነበር፤ በዚያ ሁሉ በሚያደንቅለት የእጅ ጽሑፉ። ምስክሮቹ ፈርመው ሲወጡ መንበረ ወረቀቱን አየችና ሳቀች። «ይሄ ለዳኛ ይበቃል። ለእግዜርስ?» በቁርባን እንጋባ ማለቷ ነበር። «ይደርሳል» አላት። ልጃቸው እሌኒ ስትወለድም «ይደርሳል» አለ። ባልየው እምቢ ካለ ሚስት ብቻዋን መቁረብ እንደማትችል ሁለቱም ያውቃሉ።

እሌኒ በአምስት ዓመቷ ኩፍኝ ያዛት። ያረጋል በዕድሜው እንደዚያ ሰሞን ጸልዮ አያውቅም። ልጄን ብታተርፊልኝ ብሎ ለማርያም ጥላ ተሳለ፤ አዲስ አበባ ሰው ልኮም ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ አስመጣ። ጥላው ሲደርስ ልጅቷ ከተቀበረች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። መንበረ እያለቀሰች ወስዳ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠችው። እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የማርያምን ደጅ አልረገጠም።

አልሰበከችውም፤ አልተጣላችውም። እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ «ለሁለታችን ነው የምሄደው» ትለዋለች። «የኔን ድርሻ እዚያው ተይልኝ» ይላታል። ትስቃለች። ያቺ ሳቅ ስንት ታስከፍላት እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም።

ዘንድሮ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አገሩ ሁሉ ሲናወጥ እሱም ተናወጠ። አለቆቹ እንቅልፍ አጡ፤ ትናንት የሚሰገድለት ዛሬ ተይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን ማታ ራት ላይ «መንበረ፣ ይሄ ነገር ይረጋጋና እንቆርባለን» አላት።

«ሲረጋጋማ ማን እግዜርን ይፈልጋል?» አለችው። «እሱ የሚያዘው እኮ መሬት ስትንቀጠቀጥ ነው።»

እሺ አለ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ባዩ ቀኑን ለጰራቅሊጦስ እሑድ ቆረጡላቸው። ንስሐ ገባ። መንበረ ነጭ ቀሚስ አሰፋች፤ ለእሱም ኩታውን አጥባ ሰቀለችለት።

ቅዳሜ ጧት «በመንግሥት ሥራ ጅማ ተልኬያለሁ፤ እምቢ ማለት አልችልም» አላትና በጭነት መኪና ወጣ። የላከው ሰው ግን አልነበረም። ጊቤ ድልድይ ሲደርስ ወርዶ አንዲት ሻይ ቤት ገባ። በዚያ ሐሩር አግዳሚ ላይ አደረ። እሑድ ጧት ሕዝቡ በሚቆርብበት ሰዓት እሱ የሚያልፉ መኪኖችን እያየ፣ «ልጄን ከወሰደብኝ እጅ እንዴት እቀበላለሁ?» ይል ነበር፤ ለማንም አይደለም፣ ለብርጭቆው።

ማታ ቤቱ ሲገባ መንበረ በር ላይ ቆማ ነበር። «በልተሃል?» አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። ስላልጠየቀችው አላወቀችም አለ፤ በዚያም ተጽናና።

በሰኔ ከብቶቻቸው በድርቅ ያለቁባቸው የቆላ ሰዎች መጥተው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተጠግተው ሰፈሩ። ተስቦ ገባባቸው። መንበረ በየቀኑ አጥሚት እየያዘች ትሄድ ጀመር። «ትሞቻለሽ!» ብሎ ጮኸባት። «እኔም ከቀረሁ ማን ቀራቸው?» አለችው፤ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች፤ አልተነሣችም። ያኔ ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ለፍልሰታ አብሯት እንደሚቆርብ ማለላት። ፍልሰታ ልትደርስ አንድ ወር አይሞላም ነበር። መንበረ ግን ቅዳሜ ሞተች።

በሠልስቱ ዕለት ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሲወጡ ጎረቤታቸው ሳሌሃ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ መጣች። ባሏ ሀቢቡ የጅማ መንገድ ሾፌር ነው። ከያረጋል አጠገብ ተቀመጠች።

«አላህ ሰብሩን ይስጥዎት፣ ጋሽ ያረጋል።»

«አሜን።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን የሷ ቃል ነውና እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ አይቅር።»

ቀና ብሎ አያት።

«ያን እሑድ ሀቢቡ ጊቤ ላይ አይቶዎት ነበር። ሰላም እንዳይልዎት ፊትዎን አዞሩበት። መጥቶ ሲነግረኝ መንበረ እኔ ቤት ነበረች፤ ያንን ነጭ ቀሚስ እንደለበሰች። ሰማች።»

ያረጋል እጁ ላይ የያዘው ንፍሮ ሰሌኑ ላይ ተበተነ። «ምን አለች?»

«መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ‹እንዳታወሩበት› አለችን። ‹ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ልጁ ናፍቃው ነው። የተቆጣ ሰው እኮ ከተቆጣው ጋር ገና አልተለያየም› አለች።» ሳሌሃ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ የናንተን ሃይማኖት አላውቅም። እንደሷ የምትጠብቅ ሰው ግን አላየሁም።»

ያረጋል አላለቀሰም። ያቺን «በልተሃል?» እንደገና ሰማት። አምስት ሳምንት አብራው አንድ መሶብ ስትቀርብ፣ ሸሚዙን ስታጥብ፣ ሁሉን እያወቀች ነበር። አንድ ጊዜ ብትሰድበው ኖሮ! ወይም እሱ ራሱ አንድ ቀን ማታ «ዋሽቼሻለሁ» ብሎ ቢነግራት። አምስት ሳምንት ሙሉ አፍ ነበረው።

ዓርብ መምሬ ባዩ ሊያጽናኑት መጡ። ድንኳኑ ሳስቷል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«አባቴ፣ በእኔ ምክንያት ሳትቆርብ ሞተች» አላቸው። ጊቤንም ነገራቸው።

«አውቃለሁ፤ ነግራኛለች» አሉት። «ያኔ ‹ልጄ፣ አንቺ እስከ መቼ ደጅ ትቆሚያለሽ?› ብላት ‹እሱን ውጭ ትቼ አልገባም፤ ጊዜ ስጡት› አለችኝ። እኔ ለሷ አልሰጋም። ለበሽተኞቹ ስትመላለስ የነበረውን እግሯን ያየ አምላክ አለ። የምሰጋው ላንተ ነው።»

«እኔማ ምን ቀረኝ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ፍልሰታ እየመጣች ነው። ጹም። ቍረብ» አሉት።

«ብቻዬን?»

«ብቻህን። አሁን የሚከለክልህ የለም።»

ያረጋል ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሚስቱ የትዳር ዕድሜዋን ሙሉ የተነፈገችውን እሱ በሞቷ አገኘው። በዚያች ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፤ ብርቄ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

እሑድ ጧት ማንንም ሳያስከትል ወደ ማርያም ሄደ። ከስድስት ዓመት በኋላ በሩ ላይ ሲደርስ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ወደ ውስጥ አልዘለቀም። በዝናቡ ውስጥ፣ ከቆላ ሰዎች አጠገብ፣ ቅዳሴውን ከውጭ አስቀደሰ። መጸለይ ቢሞክር ቃል አልመጣለትም፤ ግን እስከ መጨረሻው ቆመ።

ሕዝቡ ሲሰናበት መምሬ ባዩ የቅዳሴውን ጸበል ይዘው ወጡ። ሰዉ ተራ በተራ በእጁ እየተቀበለ ይጠጣል። ተራው ሲደርስ ያረጋል ሁለት እጁን ገጥሞ ዘረጋ። ቄሱ ሞሉለት። አልጠጣም። እጁን በጋቢው ከዝናቡ ከልሎ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ መቃብሩ ዞረ። ጭቃው ያንሸራትተዋል፤ ውኃው በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠባል።

የመንበረ መቃብር ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ ጎድጉዷል። ያረጋል ተንበረከከና እጁን ከፈተ። የቀረው ጠብታ አልነበረም። እርጥብ መዳፎቹን በራስጌዋ በኩል አፈሩ ላይ አሳረፈ፤ አላነሣቸውም።