የሰው ጋቢ

የትነበርሽ የፈራችው ነገር አንዱም አልደረሰባትም፤ የደረሰባት ያልፈራችው ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣራው ይፈርሳል ትል ነበር፤ አልፈረሰም። ልጇ ሙሉሰው ባስነጠሰው ቁጥር ሳንባውን ነው ትል ነበር፤ ደኅና ሆነ። ወደ ደባርቅ የሄደ ዕለት ግን ሰማዩ ብራ ነበር፤ እሷም በርበሬ ስትቀነጥስ ቀና ብላ "በደኅና ግባ" እንኳ ሳትለው ወጣ። መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከመኪና አወረዱት ተባለ። ይኸው ሁለት ዓመት፤ ሬሳም የለ፣ ወሬም የለ።

ፊቱስ በመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ላይ ቀርቶላታል። የጠፋባት ድምፁ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ከውጭ "እማ!" ሲል እሱ መስሏት ሮጣ ወጣች። የልጇን ድምፅ እንደረሳች ያን ቀን አወቀች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ስለዚህ የጎረቤቷ ልጅ ፋሲካ የፊልሙን ወሬ ስታመጣላት ሥራዋን አቁማ ሰማቻት።

"እትዬ፣ አራዳ ያለው ትንሹ ሲኒማ ቤት አሮጌ ፊልም ማሳየት ጀምሯል። እሁድ እሁድ እነ ሙሉሰው የተወኑበትን ያሳያሉ።"

"የትኛውን?"

"ያን ትክል ድንጋይ ከተማ ሄደው የቀረጹትን፣ የደም መላሹን።"

"ያኔ ማን አየውና!"

"አሁን አብደውለታል። ንግግሩን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። እሱ ሲመጣማ ያጨበጭቡለታል።"

"ሰው በተሰበሰበበት ቦምብ ቢጥሉስ?" አለች የትነበርሽ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ድምፁ ይሰማል?"

"ይሰማል እንጂ።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ለብሳ ከፋሲካ ጋር ሄደች። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ኢዮስያስ "ይግቡ እናቴ" ብሎ በሩን ያዘላት። ፈንዲሻ በያዙ ወጣቶች መሐል አልፋ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሙሉሰው ግድግዳ አክሎ መጣ። አንድ ትከሻውን ከፍ አድርጎ መራመዱ ያው የራሱ ነው። ጭብጨባው ቀለጠ፤ የትነበርሽ "ሸጋ ልጄ" አለች በሆዷ። ጠላቱ ጠመንጃ ሲደግንበት አፉን ከፈተ። ጆሮዋን አቀናች።

"ደሜን ወንድሜ ይመልሰዋል!"

የጮኸው አዳራሹ ነው። ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹና የእሱ ድምፅ ከሥራቸው ሰምጦ ቀረ። ተኩሱ ተሰማ፤ ሙሉሰው ገበያው ዳር ጭቃ ላይ ወደቀ፤ ሞተ። ወዲያው ሬሳው አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ፤ ወደ ጭቃው የወረደውን የጋቢውን ጫፍ ሰብስቦ ደረቱ ላይ አኖረና ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ሬሳው በረደው!"

"ምነው ወንድሜ፣ ለተዝካርህ ልትለብሰው ነው?"

የትነበርሽ ግን ታውቃለች። ጋቢው የጎረቤታቸው የአያ ሰውአገኝ ክት ነው፤ ለምና የተዋሰችለት እሷ ናት። ሊቀረጽ በወጣበት ጠዋት ከበር ላይ፣ "ጭቃ ካስነካኸው እዚህ ቤት እንዳትመለስ!" ብላው ነበር። ማታ ነጩን ጋቢ አጥፎ ሲያስረክባት "ሞቼም አልረሳሁትም፣ እማ" አላት። ያኔ ጨዋታው አልገባትም ነበር።

ሳታስበው ብድግ አለች።

"የሰው ጋቢ ነው! የሰው ጋቢ ነው እኮ! እኔ ነኝ እንዳታስነካ ያልኩት!"

ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። ከዚያ ሳቁ ከፊተኛው በለጠ፤ አጨበጨቡላት።

"እማማ ጨዋታ ያውቃሉ!"

"ይድገሙልን!"

ፋሲካ ጎትታ አወጣቻት።

"የሚስቁበት መሆኑን ምነው አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎ ይመጡ ነበር?"

ኢዮስያስ ተከትሏቸው ወጣ። የማን እናት እንደሆነች ሲሰማ ደነገጠ።

"አላወቅሁም እናቴ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ያቺን ቦታ ዝለልልኝ። ካልሆነም ሲናገር ዝም በሉ በላቸው።"

ኢዮስያስ መሬት መሬቱን አየ። "የሚመጡት ለዚያች ቦታ ነው። ዝም በሉ ካልኳቸው ይቀራሉ፤ እነሱ ከቀሩ እሱንም የሚያሳየው የለም።" ቢጨንቀው ፊልሙን በፋሲካ ስልክ ላይ ጫነላት።

ቤት ገብተው ከፈቱት። ሙሉሰው የአተር ፍሬ አክሎ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ድምፁም ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባች ንብ ነው። የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። "ዝጊው" አለች የትነበርሽ።

በሚቀጥለው እሁድ ብቻዋን ተመልሳ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሙሉሰው መጣ፤ ተናገረ፤ ጮኹበት። ወደቀ። ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ አዳራሹ ሙሉ አብሮ ተነሣ፤

"የሰው ጋቢ ነው!"

ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠኑት ኖረዋል። ከኋላዋ ሳቁ ወረደ። የትነበርሽ አልዞረችም። ጣቶቹ ጋቢውን ሰብስበው ደረቱ ላይ እስኪያኖሩት ድረስ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

ጭቃ አልነካውም።