ለመኪና ማቆሚያው ማን አለቀሰ?

«እዚህ ጋ ስትደርሺ ትንሽ ዝም በይ» አለ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት፣ ወረቀቱን በጣቱ እየነካ። «ከዚያ ድምፅሽ ይቆራረጥ። ሶፍት ጠረጴዛው ላይ ይኖራል።»

ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱን አየችው፤ ሰውየውን አየችው። ሁለቱም አሁን ከካውያ ሥር የወጡ ይመስላሉ።

«ባይመጣልኝስ?»

«ምኑ?»

«እንባው።»

«ይመጣል እንጂ፣ እህቴ! ልጅሽን አስቢያት። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባል የለ?»

የቆሙት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ድሮ የተሰባበረ ዴስክ ይከመርበት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል፤ ግድግዳው እስከ ሕፃን ቁመት ድረስ በእርሳስ ተዥጎርጉሯል። ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡበት ማዕከል ነው። ነርሷ ልጆቹን ትመዝናለች፤ መምህርቷ ታጫውታቸዋለች፤ ከልጆቹ ይልቅ ግን ወላጆቹን ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ የበጀት ኮሚቴው ይሰበሰባል። ለመጪው ዓመት በቀረበው ረቂቅ ውስጥ ማዕከሉ የለም። «ይዘጋ» ያለ ሰው የለም፤ ዝም ብሎ የለም።

ፀጉር ሠሪዋ ልጇን እዚህ ያመጣቻት ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት ነበር። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ከደንበኞቿ ጋር ወሬ ስትሰልቅ ትውላለች፤ የማትዳኘው የባልና ሚስት ጠብ የለም። ከመስታወቱ ሥር ለምትቀመጠው ልጅ የሚተርፈው ግን «ዝም በይ፣ እየሠራሁ ነው» ብቻ ነበር። መምህርቷ አልወቀሰቻትም። «ማበጠሪያውን ስታነሺ፣ ማበጠሪያ በያት። ከዚያ መልስ እንዳላት ሰው ጠብቂያት» አለቻት። አወራቻት። ጠበቀቻት። ደንበኞቹ «ከግድግዳ ጋር ጀመርሽ ደግሞ?» እያሉ ሳቁባት። አንድ ቀን ልጅቷ የያዘችውን ማበጠሪያ እናቷ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ፣ «እምቢ!» አለቻት። የመጀመሪያ ቃሏ። ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር ግማሹን እንደተጠቀለለ ትታ ጮቤ ረገጠች።

ሕዝብ ግንኙነቱ የፈለገው ታዲያ ልጇን ትላት የነበረችውን ያቺን «ዝም በይ» ነው። በእንባ አጥባ፣ አደባባይ ላይ እንድታሰጣለት።

የማዕከሉ አስተባባሪ፣ ሁሉም «እትዬ ቀስ በሉ» የሚሏቸው አሮጊት፣ ወደ ጎን ሳቧት። «ልጄ፣ ለአንዲት ቀን ብታለቅሺ ምን ይቀርብሻል? እኔ ለዚህ ቤት ስል በስንቱ ቢሮ አንጀቴ እያረረ ስቄያለሁ።»

«ስቀው ምን አመጡ፣ እትዬ?»

«ቢዘጉትስ?»

ይሄኛው ገባላት። ቢዘጉት ልጅቷ ተመልሳ ከመስታወቱ ሥር ነች፤ አሁን ገና የተከፈተች አፍ መልሳ ልትዘጋ። ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከስብሰባ አዳራሹ መስኮት ባሻገር አምና የተሠራው፣ ባለ ጣሪያው የጽሕፈት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ያንጸባርቃል። ወላጆች ልጆቻቸውን ታቅፈው ከኋላ ተደርድረዋል።

«እህታችን ልብ የሚነካ ታሪኳን ታካፍለናለች» አለ ሕዝብ ግንኙነቱ፣ የሶፍቱን ካርቶን ወደ ማይኩ እያስጠጋ።

«ታሪክ የለኝም» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ጥያቄ ነው ያለኝ። ያንን የመኪና ማቆሚያ ስትሠሩ ማን አለቀሰ?»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ።

«ማለት?» አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«ማለትማ፣ ሹፌሩ እዚህ ወጥቶ ‹ጌቶቼ፣ መኪናዬን ፀሐይ መታብኝ› ብሎ አነባ? አላነባም። ያስፈልጋል ተባለ፤ ተሠራ። የኛ ልጆች ሲሆኑ ነው እንባ የሚጠየቀው?»

«እህቴ፣ ስሜታዊ አትሁኚ።»

«አልቅሺ ተብሎ እኮ ተጽፎልኛል!» ወረቀቱን አውጥታ አውለበለበችው። «እንባ ሲሆን ልብ የሚነካ፣ ቁጣ ሲሆን ስሜታዊ?»

ሕዝብ ግንኙነቱ ጣሪያውን ይመረምር ጀመር።

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ተብያለሁ። እኔ ልጅ አይደለሁም። እናንተም እናቴ አይደላችሁም። ወንበራችሁ፣ ይሄ ማይክ ሳይቀር፣ እኛ በከፈልነው ግብር የተገዛ ነው። ልጄ አፏን የፈታችው እዚያ ቤት ነው። አይዘጋም!»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐሳብሽ ተይዟል። በሌላ ቀን እናየዋለን።»

«ሌላ ቀን የለም። ይዘጋ የምትሉ አሁኑኑ እጃችሁን አውጡ። ልጆቹ ይዩዋችሁ።»

በረቂቅ ላይ ዘሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሕፃን ዓይን ዓይንህን እያየ እጅ ማውጣት ግን የማያፍር ፊት ይጠይቃል። አንዱ አባል እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ፤ ሌላው ብዕሩን ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። ያን ጊዜ እትዬ ቀስ በሉ ብድግ አሉ።

«ማንም የለም! ሁላችንም አይተናል!» ብለው ጮኹ። ይህን የሚያህል ድምፅ እንዳላቸው ራሳቸውም አያውቁም ነበር።

ሰብሳቢው ግራ ቀኙን ቃኘ፤ የሚያድነው አላገኘም። «ለአንድ ዓመት ይቀጥል ተብሎ ይያዝ» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ለአንድ ዓመት? ጥሩ፤ ለከርሞም እመጣለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እንባ ግን ይዤ አልመጣም።»

ልጇን ስትፈልግ ጠረጴዛው ሥር አገኘቻት። ሶፍቱን እየመዘዘች ወለሉን ሁሉ አልብሳዋለች። ሕዝብ ግንኙነቱ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው፣ የኔ ቆንጆ።»

ልጅቷ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቀና ብላ አየችው።

«እምቢ!»