ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የታየችው ወፍ

ሰዓት ሠሪው ወፍ ፍለጋ መውጣት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ድሮ ከሚስቱ ጋር ነበር የሚወጣው። እሷ ትሰማለች፣ እሱ ያያል። ከቁጥቋጦ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ለቅማ ታወጣና "ከግራ፣ ዝቅ ብሎ" ትለዋለች፤ እሱም አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር አዙሮ ወፏን ከነላባዋ ይይዛታል። የእሱ ጆሮ ከሃምሳ ዓመቱ ወዲህ ቀጫጭኑን ድምፅ ጥሎታል። የያዘው ሰዓት መሥራት አለመሥራቱን እንኳ የሚለየው በጣቱ ጫፍ ዳብሶ ነው። ሚስቱ ስትሞት መነጽሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ስልኳን ይዛ ሱቁ ድረስ መጣች።

"አባዬ፣ እያት እስቲ ይቺን! ጉሮሮዋ ሰማያዊ የሆነች ወፍ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ታይታለች ይላሉ።"

ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። ይቺን ወፍ ከሚስቱ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ፈልገው አጥተዋታል።

"ውሸት ነው" አለ።

"ውሸት ከሆነ ሄደህ አረጋግጣ!"

ልጅቱ ከያዘች አትለቅም። ሱቁን ራሷ ዘጋችበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አባትየው መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ጣቢያው ሲደርስ፣ ከመሳፈሪያው መድረክ ጀርባ ባለው የፍሳሽ ቦይ ዳር ሰባት ሰዎች ካሜራቸውን ይሰበስባሉ። "አትልፋ፣ ሄዳለች" አለው አንደኛው። እሱ ግን ቀረ። ሸንበቆውን ቅጠል በቅጠል በመነጽሩ በረበረው። ባቡር መጣ፣ ባቡር ሄደ፤ ወገቡ ተንገበገበ። ዓይኑ ደህና ነው፤ ወዴት እንደሚያይ የሚነግረው ነው ያጣው። ተስፋ ቆርጦ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

መድረኩን የምትጠርገው ሴት መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችው።

"አባቴ፣ እርስዎም ለወፏ ነው የመጡት?"

"ነበር። ሄዳለች አሉ።"

"ማናባቱ ነው ሄደች ያለው? ይኸው እየጮኸች! ሰባት ሆነው እያወሩ እንዴት ይስሟት?"

ከወንበሩ ብድግ አለ። "አሁን? አሁን እየጮኸች ነው?"

"አዎ እንጂ! ደግሞ ድምፅ ትቀዳለች፣ ሌባ። የባቡሩን የበር ደወል ሳይቀር ለምዳዋለች። ስንቱ ተሳፋሪ በሩ ሊዘጋበት መስሎት በከንቱ እንደሮጠ ባዩ!"

"ልጄ፣ እኔ ቀጭን ድምፅ አልሰማም።" ይህን ለማያውቀው ሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። "የት ጋ እንዳለች ብቻ ንገሪኝ።"

ሴትየዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ከቧንቧው በስተቀኝ... ቆይ ቆይ፣ ተነሣች። አሁን ዝቅ ብላለች፤ የተጣለው ጎማ ጋ።"

መነጽሩን አዞረ። ጎማው፣ ጭቃው፣ የደረቀ ሸንበቆ። ከዚያ አንዲት ቡናማ ነገር ከጎማው ሥር ብቅ ብላ ቀና አለች። ከአገጯ በታች ያለው ሰማያዊ ገና አሁን የተቀባ ይመስል ነበር። ምንቃሯ ሲከፈት፣ ጉሮሮዋ ሲርገበገብ ያያል፤ ድምፅ ግን የለም።

"ምን እያለች ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"የበሩን ደወል!"

ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆነበት። ሴትየዋ አይታ እንዳላየች ሆነች። መነጽሩን አውልቆ ሲያቀብላት ተሽኮረመመች፤ አስተካክሎ ያዘላት።

"ውይ በሞትኩት! ይህን ሁሉ ለብሳ ነው ጭቃ ውስጥ የምትንከራተተው?"

እስኪበቃት አየቻት። መነጽሩን ስትመልስለት ሌላ ነገር ትዝ አላት።

"ከድልድዩ ሥር ደግሞ ሌላ አለች። ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋተግ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው የምታወጣው። እሷስ ምን ትባላለች?"

ሰዓት ሠሪው አሰበ፣ አሰበ፤ የሚያውቃቸውን ሁሉ በልቡ አገላበጠ።

"አላውቃትም" አለ፤ አለማወቁ ደስ እያለው። "መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?"

"ማለዳ፣ ሥራ ስገባ።"

"እንግዲያው ሰኞ በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ።"

ሰኞ ማለዳ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ። ሴትየዋ በዚህ ዝናብማ አይመጡም ብላ ነበር። ባቡሩ ቆሞ ሠራተኛው ሁሉ እየተጋፋ ሲወርድ፣ ከኋላ ሰዓት ሠሪው ለሁለት የሚበቃ ትልቅ ጃንጥላ ይዞ ብቅ አለ።