የሳልቮ አገር ሸንጎ

ማናዬ ልጇን የወሰደባትን ጣሊያን በሽማግሌ ልትይዘው ቆረጠች። ፎገራ ላይ ሽማግሌ የማይፈታው ነገር የለም፤ ደም እንኳ በሽማግሌ ይደርቃል። ችግሩ ሳልቮ ፎገራ ላይ አለመኖሩ ነው።

ሳልቮ ጦርነቱ ሲያልቅ ካልተመለሱት ጣሊያኖች አንዱ ነበር። ወረታ ላይ ወፍጮ ተከለ፤ ከማናዬ ጋር ጎጆ ወጣ፤ ጠላ ጠጪ፣ ለቅሶ ደራሽ ሆኖ ኖረ። በ1948 ዓ.ም. ግንቦት ላይ «እናቴ ልትሞት ነው፤ የልጅ ልጇን አንዴ ትያት» ብሎ የሦስት ዓመቷን ውባየሁን ይዞ ሄደ። ለመስቀል እመለሳለሁ አለ። የርብ ወንዝ ሞላ፣ ሜዳውን አጥለቀለቀ፣ ጎደለ። መስቀልም አለፈ። ሳልቮ የለም። ወፍጮውም ለካ ከመሄዱ በፊት ተሸጦ ኖሯል። ያን ጊዜ ነው ማናዬ አንጀቷ የተቆረጠው፤ ሊመለስ የሚሄድ ሰው ወፍጮ አይሸጥም።

ያልረገጠችው ደጅ አልነበረም። አንዱ «በሰማንያ አልተጋባችሁም» ይላታል፤ ሌላው «ባሕር ማዶ ለሄደ ሰው እኔ ምን ላድርግልሽ» ይላታል። ሰው ሁሉ አዘነላት፤ ኀዘን ደግሞ ልጅ አያመጣም።

በ1951 ዓ.ም. ከገና በኋላ የጨርቅ ነጋዴው መሐመድአወል አስጠሯት። እኒህ ሽማግሌ ለሸቀጥ አስመራ እየተመላለሱ ጣሊያንኛ ያቀላጥፋሉ። ሱቃቸው ውስጥ ሮኮ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ተቀምጧል። ከአስመራ ዕቃ አምጥቶ ኑግና ቆዳ ጭኖ የሚመለስ፣ የሳልቮ አገር ሰው ነው። ዘመድ ሊጠይቅ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው።

«አገራቸው ደሴት ናት አሉ» አሏት መሐመድአወል። «ከሮማ በታች ብትሆንም የራሷ ሸንጎ አላት። ዘጠና ሰው በያራት ዓመቱ እየተመረጠ የድሮ ነገሥታት ግቢ ውስጥ ነው የሚቀመጥ። ከጦርነቱ በኋላ ንጉሣቸው ነው የፈቀደላቸው። ፈቅዶላቸው ወር ሳይሞላው እሱን ከአገር አባረሩት። ሸንጎው ግን ቀረ።»

ማናዬ ደሴት ሲሏት ጣና ላይ ያለችው ደቅ መጣችባት። ደቅ ላይ የአንድ ሰው ዶሮ ብትጠፋ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ላይ ዘጠና ሽማግሌ ተቀምጦ የሳልቮን ቤት እንዴት ያጣዋል? «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ይባላል፤ ዳኛው እንግዲህ ተገኘ።

ሮኮ ነገሩ ስላላማረው አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረገ። «ስለ መሬትና ስለ ዓሣ ሕግ ያወጣሉ እንጂ ሰው አያስታርቁም ነው የሚል» ብለው መሐመድአወል ተረጎሙላት።

«መሬት የሚዳኝ ሰው ልጅ መዳኘት እንዴት ያቅተዋል፣ አያ? እንዲህ ይበሉልኝ። በኔ በኩል ሁለት፣ በሱም በኩል ሁለት ሽማግሌ ይቁም። የመሐሉን ሰው ግን አደራ። ለማንም የማያደላ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብረው ይሁን።»

የመሐል ሰው ማለት ለወረታ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው፤ እሱ ካማረ እርቁ ያምራል። ሮኮ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ምን ያድርግ፤ እናት ስትለምነው እምቢ የሚልበት አንጀት አልነበረውም።

ዓመት ጠበቀች። መንታ መንገዱ ላይ የመኪና ጥሩምባ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። ያለፉ ያገደሙ ሾፌሮችን ሁሉ «ሮኮን አያችሁት?» እያለች ስትጠይቅ ለሰው መሳቂያ ሆነች። ለጥምቀት ሰሞን፣ በ1952 ዓ.ም.፣ መሐመድአወል እንደገና አስጠሯት። ሮኮ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከመሬት አልነቅልም ብሏል።

«ሸንጎው ለሁለት ተሰንጥቋል አለ» ብለው ጀመሩ መሐመድአወል። «የሚያማትቡትም፣ እግዜር የለም የሚሉትም ባንድ አድመው መንግሥት ሆነዋል። የቀሩት ደግሞ ሊጥሏቸው ነው። እኩል ለእኩል ናቸው፤ አንድ ሰው ካዘነበለ አለቀ። መሐል ላይ ወዲህም ወዲያም ያልገባ አንድ ሰው አለ። ሁለቱም ወገን ያን ሰው ነው የሚያባብሉ።»

«ያከብሩታላ» አለች ማናዬ፤ ልቧ ሞቅ አለ።

«ይፈሩታል ነው የሚል።»

«ታዲያ እሱን አነጋገረው?»

ሽማግሌው «የሳልቮ ታላቅ ወንድም ነው» አሏት።

ሮኮ የሌሎቹንም ደጅ ጠንቶ ነበር። እያንዳንዱ ነገሩን ሲሰማ «ያሳዝናል» ይላል፤ የወንድምየውን ስም ሲሰማ ሰዓቱን ያያል። ለሱ ድምፅ ሲሉ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች የሚሉ ሰዎች ለአንዲት የወረታ ሴት ሊያስቀይሙት? ውባየሁም ያለችው በዚያው ሰውዬ ቤት ነው። ሚስቱ መካን ናት፤ ሳልቮ ልጅቷን አሳልፎ ሰጥቷቸዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን እኛ። እነሱ ንጉሡን አባረሩት እንጂ የማይከሰስ ሰው አላጡም።

ማናዬ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ለማን ይጮኻል? ፎገራ ቢሆን ሳልቮን በንጉሥ አምላክ ብላ መንገድ ታስቆመው ነበር።

«ልጄንስ አያት?»

ሮኮ ይህ ያለ አስተርጓሚ ገባው። በር ላይ አይቷታል፤ ወፍራለች፤ ነጭ ካልሲ አድርጋለች። ጎንበስ ብሎ «እናትሽን ናፍቀሻታል» ብሏታል። ልጅቷ የመለሰችለትን በጣሊያንኛው እንዳለ ቀስ ብሎ ተናገረና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

መሐመድአወል «ለእማዬ ሰላም በልልኝ አለች» ብለው ተረጎሙ።

ማናዬ ከሳልቮ ጋር ስትኖር የያዘቻት ጣሊያንኛ ከጓዳ አታልፍም፤ ዳቦ፣ ውሃ፣ ነይ፣ ሂጂ፣ እናት፣ ቤት። ልጅቷ ያለችው ከዚያ አላለፈም፤ «እናቴማ ቤት ናት» ነው ያለች፤ የአጎቷን ሚስት። ማናዬ ሽማግሌውን አየቻቸው። ጨርቅ ሲለኩ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ዛሬ ዋሽተዋታል። ለሷ ብለው ነው። አሳዘኗት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ሰላም ማለት ካወቀችማ አድጋለች።»