የጸሎት ተራ

በቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ኅብረት እጅ ለእጅ ተያይዞ በክብ መጸለይ ልማድ ነው፤ የጨረሰ ሰው የጎኑን እጅ ጨበጥ አድርጎ ተራውን ያስተላልፋል። ምርጫ ከቀረበ ወዲህ ግን ጸሎቱ ሁሉ ለአንድ ፓርቲ ሆነ። ከአባላቱ አንዷ የሆነች ነርስ ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ቻለችው። ዛሬ ከጎኗ የቆመው የኅብረቱ መሪ፣ «ጌታ ሆይ፣ የዚያኛውን ፓርቲ እጩ አዋርደው!» ብሎ እጇን ጨበጠ። እጩው ያሳደጋት ወንድሟ ነው፤ ሥራው አናጺነት ነው።

ዓይኗን ገልጣ አየችው።

«እህቴ፣ ተራሽ እኮ ነው።»

«ወንድሜን ልርገምልህ?»

«እሱን ሳይሆን መንፈሱን ነው።»

«መንፈሱማ ያንን መስኮት በነጻ ያበጀልህ ነው!»

ማንም አልሳቀም። እጆቿን አላቅቃ ወጣች። በሩ ላይ፣ አንድ ሰው እንኳ ይጠራኛል ብላ ዞር አለች። ግራና ቀኟ የነበሩት ተጠጋግተው ተያይዘዋል፤ ተራውም አልፏል።