የኮራሊ ትንፋሽ

ጎረቤቴ ኮራሊ «ባሕር ዛፍ መንገድ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ዘፈን የዘፈነችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። ድራማው እስካሁን አላለቀም። እዚህ አውስትራሊያ፣ ጂሎንግ ከተማ ሰው ሁሉ እራቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያየው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋባበት፣ የሚፋታበት፣ አልፎ አልፎም ቤት የሚቃጠልበት ድራማ ነው። ዘፈኑ ያኔ «ዝናብ ቢመጣ አትሥጊ፣ ልብስሽን ከገመዱ ላይ እኔ አነሣልሻለሁ» እያለ ሁለት አንጓ ሙሉ የሚሄድ፣ መሐሉ ላይ ጥሩምባ የሚነፋበት ነበር።

ከዚያ ለድራማው አዲስ አለቃ መጣና ጥሩምባው አርጅቷል አለ። ኮራሊ ቀሚሷን ተኩሳ ሜልቦርን ሄደች፤ በኪቦርድ ደግማ ዘፈነችው፤ ሁለተኛው አንጓ ቀረ። ሌላ አለቃ መጣ፤ በጊታር አስጮኸው፤ የመጀመሪያውም አንጓ ተጋመሰ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ተመልካች ትዕግሥት የለውም ብሎ «ልብስሽን» ከምትለዋ ቃል በቀር ሌላውን ሁሉ ቆረጠ። ልብሷ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ያደገ ትውልድ አለ። በመጨረሻ ቃሏም ተቆረጠችና ኮራሊ «ልብስሽን» ከማለቷ በፊት የምትስባት ትንፋሽ ብቻ ቀረች። «ህህ!» ትላለች፣ ርዕሱ ብቅ ይላል፣ ሰዎቹ መጣላት ይጀምራሉ።

ኮራሊ ግን አንድም ቀን አልከፋትም። ከሜልቦርን በተመለሰች ቁጥር፣ «ግሌኒስ፣ ዘንድሮስ አሳምረውታል» ትለኝ ነበር።

ባለፈው መጋቢት ታይላ የምትባል አዲስ አዘጋጅ ደወለች። ኮራሊ ጋ ሻይ እየጠጣሁ ስለነበር፣ ስልኳም ከሩቅ ስለሚሰማ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ትንፋሹን ልናድሰው ነው» አለች ታይላ።

«ምን ሆነ?»

«አረጀብን። ለወጣቶች ውድድር ከፍተናል። እርስዎም ለክብርዎ ሲባል መወዳደር ይችላሉ።»

«በገዛ ትንፋሼ?»

«በሚገባ! ቅድሚያ እንሰጥዎታለን። ከምሳ በፊት ይገባሉ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮራሊ ልምምድ ያዘች። ጉሮሮ ይዘጋል ብላ አይብ ተወች። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥታ አፏን ከፍታ ትቆማለች። ባሏ መርቪን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ለሙዚቃ ጆሮ የለውም።

«አንቺ ሴት፣ ስትተነፍሺ አይደል እንዴ የኖርሽው? ምኑን ነው የምትለማመጂው?» አላት።

«አንተ ዝም ብለህ ነው የምትተነፍሰው። የኔ ሙያ ነው።»

በቀጠሮው ቀን እኔ ነድቼ ወሰድኳቸው። መርቪን ብቻውን ቤት ሲቀር ጣሪያ ላይ ስለሚወጣ አብሮን መጣ። ስቱዲዮው ኮሪደር ላይ ወጣት ሴቶች ተሰልፈው በየራሳቸው ይተነፍሳሉ። አንዷ የዮጋ አስተማሪ ነበረች፤ ሌላዋ ለዚሁ ብላ ከፐርዝ በአውሮፕላን የመጣች። አንዷ ኮራሊን አወቀቻትና፣ «ወይኔ! አያቴ እኮ በእርስዎ ትንፋሽ ነው ያደገችው!» አለቻት። ኮራሊ አመሰገነች፤ ፊቷ ግን ጠቆር አለ።

መቅጃው ክፍል ውስጥ እኔና መርቪን ጥግ ላይ ተቀመጥን። ታይላ ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ትሑት ልጅ ናት።

«ይጀምሩ፣ የኔ እናት።»

ኮራሊ ሳበች።

«ግሩም! አሁን ትንሽ ተስፋ ይጨምሩበት።»

ሳበች።

«ተስፋው በዛ። ፍሪጅ ከፍተው ኬኩን ሰው በልቶት ያገኙት ያህል ይሁን።»

ሳበች። እንደገና ሳበች። ፊቷ ቀላ፤ ውሃ ሰጠኋት። ታይላ ከድምፅ ቀጂው ጋር ተንሾካሾከችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መጣች።

«በጣም ቆንጆ ነው። ችግሩ፣ ኮራሊን አይመስልም።»

«ኮራሊ እኮ እኔ ነኝ!»

«እናውቃለን። ግን ሕዝቡ የለመደው ኮራሊን ነው።»

ይሄኔ ከረፋዱ ጀምሮ የተቀመጠው መርቪን፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ከሆዱ ሥር አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «እእእእፍፍ…» አጠገቡ ያለው ማይክሮፎን ክፍት ነበር።

ድምፅ ቀጂው የጆሮ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ። ታይላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይሄ… ይሄ ሰፈር ሰፈር ይላል» አለች።

«ጫማዬ ጠቦኝ ነው» አላት መርቪን።

እንዲደግመው ለመኑት፤ አልመጣለትም። ጫማውን አውልቆ አጠለቀ፤ ትንፋሹ እምቢ አለው። የመጀመሪያውን ወሰዱት።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ዌሪቢ ስንደርስ ኮራሊ ወደ መርቪን ዞረች። ከዚያ፣ «ዘፈኔን ወሰድክብኝ» አለችው።

«እኔ? ተነፈስኩ እንጂ ምን አደረግኩ?»

«ካገር ምድሩ መርጠህ እዚያ ትተነፍሳለህ?»

«የት ልተንፍስ ታዲያ?»

«እቤትህ!»

ነገሩ ዜና ላይ ወጣና መርቪን ታዋቂ ሆነ። ሥጋ ቤት ሲገባ፣ «መርቭ፣ እስቲ አንዴ አድርጋት!» ይሉታል። እሱም ኮራ። በሙቀት ሻርፕ መጠምጠም ጀመረ፤ የልጅ ልጁ ልደት ላይ ሻማ አልነፋም አለ። ኮራሊ ሰላምታ ቀነሰችበት። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ማንኮራፋቱንም ለነሱ ይሽጥላቸው» አለችኝና ገባች።

የድራማው አዲስ ምዕራፍ የሚጀምርበት ምሽት፣ ሣር ላይ ኳስ የምናንከባልልበት ቦውሊንግ ክበባችን ሞልቶ ነበር። መርቪን ፊት ወንበር ላይ ክራቫት አስሮ ተቀምጧል። ኮራሊን «ላሚንግተን ኬኩን ማን ይቆርጥልናል?» ብዬ ነው ያመጣኋት፤ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ቆማ ትቆርጣለች።

«እእእእፍፍ…» አለ ቴሌቪዥኑ። ርዕሱ ወጣ። ተጨበጨበ። ድራማው ላይ ሆስፒታል የተኛ ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ «ማን እንደመረዘኝ አውቃለሁ» አለ።

ይሄኔ የክበቡን ሣር የሚያጭደው ሽማግሌው ሆሪ ከኋላ፣ «ዝናብ ቢመጣ አትሥጊ» ብሎ ጀመረ። ነገር ብሎ አይደለም፤ ትንፋሹ እንዲሁ ሲንጠለጠል ጊዜ አላስችል ብሎት ነው። ሚስቱ ተከተለችው። ከዚያ ክበቡ በሙሉ፣ ቢራ ቀጂው ሳይቀር፣ ገባበት። የጥሩምባው ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአፉ ነፋ። የታመመው ሰውዬ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየናል፤ የሚለው አይሰማም።

ኮራሊ ቢላዋውን አስቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ቆይ! ቆይ! ሁለተኛው አንጓ ላይ ለምንድን ነው እንደ እሳት አደጋ መኪና የምትሮጡት?» ብላ ፊታቸው ቆመች። «ከመጀመሪያው!»

ከመጀመሪያው ዘፈንን። እሷ እጇን እያወዛወዘች መራችን። መርቪን ክራቫቱን ፈታ አድርጎ፣ «እኔስ ምን ልሁን?» አላት።

«ጥሩምባ ሁን» አለችው።

አሁን በየምሽቱ እንዲሁ ነው። ታይላ ሰምታ ካሜራ ይዛ መጥታ ነበር፤ ኮራሊ ዘፈኑ መሐል እንዳታወራ ነግራት ጥግ አስቀመጠቻት። ድራማው ምን ላይ እንደደረሰ ክበባችን ውስጥ የሚያውቅ የለም። የተመረዘው ሰውዬ ሞቷል፤ ዘፈናችንን ስንጨርስ ቀብሩ ላይ ደርሰናል። ማን እንደመረዘው ግን ገና አልተስማማንም። ሆሪ ነርሷ ናት ባይ ነው። እኔ ወንድሙን ነው የምጠረጥረው።