የታጠኑ ዐሥር ዶሮዎች

አማቴ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ከቡሬ የላኩብኝን አንዲት ቃል ተሳስቼ እንደ ተረጎምሁ ዛሬ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ስድስት ቀን ሙሉ፣ ሚስቴንና ገና ክርስትና ያልተነሣ ልጄን ከቤቴ ሊወስዱብኝ የሚመጡ መስሎኝ ነበር። ስሕተቱን በመልእክተኛው ላይ ላላክክ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ቃሉን የሰማው ጆሮ የእኔ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጆሮዬ ከፍርሃት በቀር ሌላ አይሰማም ነበር።

ዘመኑ የአምሳ ስምንት ክረምት ነው። ሽማግሎቹ ገና ወጀት እያሉ በሚጠሯት በፍኖተ ሰላም አማርኛ አስተምር ነበር። ሚስቴ ንግሥቴ ሐምሌ ሰባት፣ በሥላሴ ዕለት፣ ወንድ ልጅ ስለ ወለደች፣ አርባ ቀኑ ሲቈጠር ክርስትናው ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት ዋለ። ለዚህ ድግስ ዐሥር ዶሮ አሳድጌ ነበር። በነሐሴ መባቻ ግን ፈንግል ከተማው ገባ። በገበያው በኩል ጀመረና ዶሮዎች በየቤቱ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ያልቁ ጀመር፤ ሰኞ ደኅና ያደረ ቆጥ ረቡዕ ባዶውን ይገኛል። የአጥር ጎረቤታችን የእማማ አስካለ ማርያም አምስት ዶሮዎች በሁለት ቀን ሲያልቁ፣ የእኔዎቹ ነፍስ ይዘው ለፍስክ እንደማይደርሱ ገባኝ። ሳይታመሙ ማረድ ነበረብኝ። በጾም የታረደ ሥጋ ደግሞ በዚያ እርጥበት ዐሥራ ሁለት ቀን መቆየት ነበረበት፤ በነሐሴ ዝናብ ቋንጣ ማስጣት የማይታሰብ ነው።

በሰኔ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር ጓሮዬ ውስጥ ትቶት የሄደ በርሜል ነበር። ከሥሩ የእሳት በር ተቈርጦለታል፤ ከአፉ ዝቅ ብሎ ሁለት ብረት ተጋድሞበታል፤ ከላይ ቆርቆሮ ይከደንበታል። ሰውዬው ከላህ ወንዝ ያጠመደውን ዓሣ በዚያ ውስጥ በጭስ ሲያበስል አንድ ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ። እውቀቴ ይኸው ብቻ ነበር።

ነሐሴ አራት ቀን ዶሮዎቹን በገዛ እጄ፣ በስመ አብ ብዬ አረድሁ። ላባቸውን ነቅዬ፣ ሆድ ዕቃቸውን አውጥቼ፣ ሳልገነጣጥል ከነቆዳቸው ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በተወቀጠበት ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኋቸው። በማግሥቱ ቆዳቸው ጠፍፎ ጣት ላይ እስኪጣበቅ በነፋስ ሰቀልኋቸው። ከዚያ የግራር ፍም ላይ እርጥብ የወይራ ፍልጥ እየጣልሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሥጋው እስኪበስል አሞቅኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ጭስ ብቻ እሰጣቸው ነበር። ጭሱ ቀጭንና ሰማያዊ ሲሆን ደስ ይለኛል፤ ነጭና ወፍራም ሲሆን ሥጋው ይመራል። ነበልባል ከተነሣ ቆዳው ያርራል፤ እሳቱ ከጠፋ ሻጋታው ይቀድመኛል። ሙቀት መለኪያ ስላልነበረኝ መዳፌን ከክዳኑ በላይ ዘርግቼ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ «ወኢታብአነ» ላይ ሳልደርስ እጄን ካቃጠለኝ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው።

ንግሥቴ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ታየኝ ነበር።

«ሙሉ ዶሮ ከነቆዳው እንደ ልብስ ሰቅለህ፣» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ብልቱን ላውጣልህ ብዬ ለምኜህ ነበር።»

«ሲገነጠል ይደርቃል።»

«ማን አለህ?»

ማንም አላለኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማማ አስካለ ማርያም አጥሩ ጋ ቆመው ጠሩኝ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ጠዋት ከቅዳሴ፣ ማታ ከእኛ አጥር የማይጠፉ ሴት ናቸው።

«አንተ መምህር፣ ይህ ሦስት ቀን ሙሉ የሚጨሰው ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው፣ እማማ።»

«ዶሮስ በድስት ሲሠራ አውቃለሁ። ምን እያረግኸው ነው?»

እዚህ ላይ ስምን ለነገሩ ማስማማት የሚወድ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቅሁ። መጥበስ እንዳልል፣ እሳት አይነካውም። መቀቀል እንዳልል፣ ውሃ የለበትም። ማድረቅም አይደለም፣ ወዙ አለ። የወተት ቅል በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጋንና እንስራ ይታጠናል፤ አራስም ትታጠናለች። በጭስ ውስጥ ያለውን ነገር የሚገልጸው ግስ ይኸው ነው ብዬ፣ በመምህርነቴ ኮርቼ፣

«እያጠንሁት ነው፣» አልሁ።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ዶሮ ታጥናለህ።»

«አዎን።»

«ቀዩንም?»

«ቀዩንም፣ ገብስማውንም፣ ዐሥሩንም።»

«እኔማ እጅህን ጭሱ ላይ ዘርግተህ ስትደግም አይቼ፣ ጸሎት መስሎኝ ነበር፣» አሉና አማትበው ገቡ።

የተናገርሁትን የሰማሁት እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። በአገራችን ዶሮና ዕጣን የሚገናኙት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዛር በሚለመንበት ቤት። መድገምም ከጸሎት ወደ ድግምት ለመሻገር አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ይህ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር። የእኔ እናት ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዛር ነበረባት፤ በየግንቦቱ ቀይ ዶሮ ታርድ፣ ዕጣን ታጨስ እንደ ነበር ቡሬ ድረስ የሚታወቅ ነገር ነው። መሪጌታ ልጃቸውን ሊሰጡኝ ሲሉ ሽማግሎቹን አስቀምጠው የጠየቁት ስለ ደመወዜ ወይም ስለ መሬቴ አልነበረም። «ያ ነገር በእናቱ ይቅር። ዛር የሚለመንበት ቤት ግን ልጄ አንዲት ሌሊት አታድርም፤ ሄጄ አመጣታለሁ፣» አሉ። እኔም በመስቀል ፊት እሺ ብዬ ነበር።

በማግሥቱ፣ ነሐሴ ስምንት፣ የጭነት መኪና ረዳት የነበረው ዳኘው ሞተሩ ሳይጠፋ ከመኪናው ላይ ዘሎ ወርዶ ደጃፌን አንኳኳ።

«መምህር፣ ከቡሬ ነኝ። መሪጌታ ‘ዐሥራ አራት ቀን እመጣለሁ፤ ዕጣን ለእኔ ይተውልኝ’ ብለዋል።»

«ምን ብለዋል?»

«ዕጣን ለእኔ ይተውልኝ። እንዳለ ተናገር ብለውኛል፤ እንዳለ ተናገርሁ፣» አለና ሮጠ።

መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ለጨው ሲልኩ እንኳ ቃላቸው ሁለት ልብስ ይለብሳል። ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ሰሙ፣ ማጠን የካህን ሥራ ነው፤ ወርቁ፣ የምታጥነውን ሰምቻለሁ፤ መጥቼ እዳኝሃለሁ። ወሬ በአንድ ቀን ቡሬ እንዴት ሊደርስ ቻለ ብዬ አልጠየቅሁም። የፈራ ሰው ለፍርሃቱ ማስረጃ ሲያገኝ ማስረጃውን አይመረምርም።

ንግሥቴ ነገሩን ስነግራት ልጁን ከጡቷ ሳታነሣ፣ «አባዬ ያሉትን አባዬ ይንገሩህ። ቅኔ ስትፈታ ልትታመምብኝ ነው፣» አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ክፉ ነበሩ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች በእኛ ደጅ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰላምታዬን በግማሽ ይመልሳል። በርሜሉን አፍርሼ ልጥለው ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ጭሱን ባቆም ሥጋው ይበላሻል፤ የክርስትናው ማዕድ ባዶ ይሆናል፤ ማቆሜም ራሱ ጥፋቴን እንደ ማመን ይቈጠራል። ጭሱን ብቀጥል ደግሞ እያንዳንዱ ፍልጥ ይመሰክርብኛል። ክዳኑን እየከፈትሁ አሸታለሁ፤ ሥጋው የወይራ ይሸታል፤ ከወይራው ሥር ሌላ ሽታ ያለ እየመሰለኝ እንደገና አሸታለሁ። እጄ ከክዳኑ በላይ እንደ ተዘረጋ ጸሎቱን ጮክ ብዬ ልበል ወይስ በልቤ፣ ይህንንም መወሰን አቃተኝ። ሥጋውን የቀመሰው ሰው እንደሌለ፣ እኔም የሚበላ ይሁን አይሁን እንደማላውቅ ያስተዋልሁት በእነዚያ ቀናት ነው።

ነሐሴ ዐሥራ አራት ከቀትር በኋላ መሪጌታ ከመኪና ወረዱ። ጃንጥላቸውን አራግፈው፣ መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ልጁን በሁለት እጃቸው አንሥተው መረቁ። ገና ሳይቀመጡ፣

«የኔታ፣» አልሁ፤ «በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ፣ ዛር አልለመንሁም።»

ልጁን ቀስ ብለው ለንግሥቴ መለሱላት።

«ማን ለመንህ አለህ?»

«‘ዕጣን ለእኔ ይተውልኝ’ ብለው ልከውብኝ…»

«ደብዳቤ ጽፈህልኝ አልነበረም? ‘ጓደኞቼ ቢሆነኝም ገብረሰንበትም የክርስትና አባት ካልሆንን ብለው ተጣሉብኝ፤ ዕጣ ልጣልባቸው ወይ’ አላልህም? ዕጣን ለእኔ ተውልኝ አልሁሃ። ዕጣ! የሚጣለውን!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የዕጣን ‘ን’ ከየት እንደ መጣች የማይለይ ሰው ነው የመንግሥት ልጆች የሚያስተምረው?»

ንግሥቴ ሳቀች። እኔም ሐምሌ መጨረሻ ላይ የጻፍሁት ደብዳቤ ያን ጊዜ ትዝ ብሎኝ ልስቅ አፌን ስከፍት፣ የሳቸው ፊት ግን ተለውጦ ነበር።

«ዛሩ ግን ከየት መጣ? እኔ ዛር አላልሁ።»

የማያውቁትን ነገር የነገርኋቸው እኔ ራሴ ነበርሁ። ከእማማ አስካለ ማርያም ጋር የተነጋገርሁትን እየነገርኋቸው ጓሮ ወሰድኋቸው። ክዳኑን አነሡ። ዐሥሩ ዶሮዎች እንደ አሮጌ የቤት ማገር ጠይመው ተንጠልጥለዋል።

«በማን ስም አረድህ?»

«በሥላሴ።»

«ዕጣን አስነካኸው?»

«ወይራ ብቻ ነው፣ የኔታ።»

እማማ አስካለ ማርያም አጥሩ ጋ ነበሩ። መሪጌታ ጠሯቸው።

«እርስዎ ምን ሰሙ?»

«‘አጥናለሁ’ ያለኝን ሰማሁ፤ ሲደግም አየሁ። ከራሴ የጨመርሁት የለም።»

«ለሰውም ነገሩ?»

«ለጠየቀኝ።»

መሪጌታ ክዳኑን መልሰው ከደኑ። «አንተን አምንሃለሁ፣» አሉኝ። «የእኔ ማመን ግን ካህናቱን እዚህ ቤት አያስገባም። ዛሬ ዐሥራ አራት ነው፤ ሁሉ ጾመኛ ነው፤ እስከ ዐሥራ ስድስት ቀምሶ ‘ምግብ ነው’ የሚል አፍ አይገኝም። ልጁ በሐሜት መካከል አይጠመቅም። የማታው መኪና ሲመለስ ሁለቱን ይዤ ቡሬ እወርዳለሁ፤ እዚያው ይጠመቃል። አንተ ነገሩ ሲጠራ ትመጣለህ።»

ነገሩ መቼ እንደሚጠራ አልተናገሩም። የእናቴ ነገር በሃያ ዓመት አልጠራም።

«አባዬ፣» አለች ንግሥቴ ከበሩ ደፍ። «እኔ አራስ ነኝ። ጾም የለብኝም።»

ሁላችንም ዞር አልን። በቤቱም በሰፈሩም ያን ዕለት ሥጋ መቅመስ የተፈቀደላት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህ ለማናችንም አልታየንም ነበር።

«አይሆንም፣» አልሁ። ከታረደ ዐሥር ቀን ያለፈው ሥጋ ነው፤ ጡቷን የሚጠባ ልጅ አለ፤ ከተማው በፈንግል ተመቷል። ይህን ሁሉ ልናገር ስል መሪጌታ አይተውኝ፣

«አንተም ትፈራዋለህ?» አሉ።

እማማ አስካለ ማርያምም አዩኝ። የምፈራው ሌላ ነገር መሆኑን ማስረዳት ከዚያች ሰዓት በላይ ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ከበርሜሉ ፊት ገለል አልሁ።

እማማ አስካለ ማርያም በእኛ በር ዞረው ገቡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ አንዱን ዶሮ አውርደው ገበታ ላይ አኖሩና ዐሥራ ሁለት ብልቱን ያወጡ ጀመር። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ከፍተው ያሸታሉ። ጭኑ ጋ ሲደርሱ ቢላዋውን አቆሙ።

«አጥንቱ ጋ ቀይ ነው። ጥሬ ነው።»

«ጭስ ነው የሚያቀላው፣» አልሁ። የውጭ አገሩ መምህር ዓሣ ላይ እንዲያ ብሎኝ ነበር፤ ዶሮ ላይ እውነት መሆኑን አላውቅም።

«እስቲ ጫን ይበሉበት፣» አሉ መሪጌታ።

ጫኑት። የወጣው ወዝ ጥርት ያለ ነበር፤ ደም የለበትም። መሪጌታ ገበታውን ባረኩ። ንግሥቴ ፈረሰኛውን አንሥታ ጎረሰች። አላመጠች፤ ረጅም ጊዜ አላመጠች። የልጁን ትንፋሽ እሰማ ነበር።

«ጨው በዝቷል፣» አለችና ሌላ ቈረሰች።

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከበሩ ላይ አንሥተው ወደ ጓዳ አስገቡ። «እስከ ነገ ቀትር አያለሁ፣» አሉ። የማታው መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ ያለ እነሱ ሄደ።

እስከ ማግሥቱ ያለውን ጊዜ ያሳለፍሁት የንግሥቴን ግንባር በመዳፌ እየነካሁ ነው፤ በመጨረሻ ተቆጥታ እጄን መለሰችው። ጠዋት እማማ አስካለ ማርያም ከቅዳሴ ሳይመለሱ በፊት ተነሥታ ልጁን አጠባች። ቀትር ላይ ከትናንቱ የተረፈ እንዳለ ጠየቀች። እማማ አስካለ ማርያም ሁለቱንም ቀን ከእግሯ ሥር ቁጭ ብለው ሲያዩ ውለው፣ ማታ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ላልጠየቃቸውም ጭምር፣ ያዩትን ሄደው ተናገሩ። መሪጌታ ስለ ቡሬ ዳግመኛ አላነሡም።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን ልጄ በፍኖተ ሰላም ተጠመቀ። የቀሩትን ዘጠኝ ዶሮዎች ሴቶቹ ጨዋቸው እስኪወጣ በውሃ ዘፍዝፈው፣ ብልታቸውን አውጥተው ወጥ ሠሩአቸው፤ ካህናቱ መጡ፤ መሪጌታ ማዕዱን ባረኩ፤ ሁሉም በሉ።